አንጀት አንጀትን ሲውጥ፦ በሕፃንና በአዋቂ ሁለት ፊት ያለው ሕመም

ሰባት ወር የሞላው ሕፃን ደኅና ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ይጮኻል። ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ቢያባብሉት አይሰማም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ጩኸቱ እንደ አመጣጡ ይሄዳል። ጡት ይይዛል፤ አንዳንዴም ይስቃል። ቤተሰቡ «አለፈለት» ብሎ እፎይ ሲል፣ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ያው ጩኸት ይመለሳል። ከዚያም እንደገና። እየቆየ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ልጁም ዝም ይላል። ዝም ያለው ግን ስለተሻለው ሳይሆን ስለደከመ ነው።

ኢንተሰሰፕሽን የሚባለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። አንዱ የአንጀት ክፍል ከፊቱ ባለው ክፍል ውስጥ ገብቶ ይሰካል፤ የሬዲዮ አንቴና ሲታጠፍ አንዱ ዘንግ ሌላው ውስጥ እንደሚሰምጠው ማለት ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ያለ ቢላዋ፣ በአየር ወይም በጨው ውሃ ግፊት ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈታ ይችላል። ከዘገየ ግን የተዋጠው አንጀት ይሞታል፤ ሳይታከም የቀረ ሕፃንም በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል። መፍትሔው ቀላል የሆነ ሕመም አሁንም ልጆችን የሚገድለው በዋናነት በመዘግየት ነው። ለመዘግየቱ አንዱ ትልቅ ምክንያት ደግሞ፣ እንደኔ እምነት፣ ስለ ምልክቶቹ በአእምሯችን የያዝነው ሥዕል የመጨረሻው ሰዓት ሥዕል መሆኑ ነው።

ውስጡ ምን እየሆነ ነው?

አንጀት የያዘውን ነገር ወደ ፊት የሚገፋው በተራ በተራ እየተኮማተረና እየላላ ነው። በግድግዳው ላይ ጉብታ ካለ፣ መኮማተሩ ጉብታውን እንደ ምግብ ቆጥሮ ይገፋዋል። ጉብታው ወደ ፊት ሲሄድ የተጣበቀበትን ግድግዳ ይጎትታል፤ ግድግዳው ደግሞ እንደ ተገለበጠ የሹራብ እጅጌ ወደ ቀጣዩ ክፍል ውስጥ ይገባል። አብሮት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ አንጀትን ከጀርባ ጋር የሚያያይዘው፣ የደም ሥሮችን የተሸከመው ስስ መጋረጃ። ችግሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው።

መጋረጃው በሁለት የአንጀት ግድግዳዎች መካከል ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚዘጉት ደም መላሾቹ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በቀላሉ ይጫናሉ። ደም ቅዳዎቹ ግን ደም ማስገባታቸውን ይቀጥላሉ። የሚገባው ደም መውጫ ያጣል፣ አንጀቱም ያብጣል፤ ባበጠ ቁጥር መጨናነቁ ይብሳል። የውስጠኛው ሽፋን ደምና ንፍጥ ማመንጨት ይጀምራል። በስተመጨረሻ ደም ቅዳዎቹም ይዘጉና የተዋጠው ክፍል መሞት፣ መበሳት፣ ሆድ ዕቃን መበከል ይጀምራል። ይህን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉ፤ ከታች ስለ ምልክቶቹ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋጠው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ነው፤ በታችኛው የሆድ ቀኝ በኩል፣ ትርፍ አንጀት ካለበት አካባቢ ተነሥቶ ወደ ትልቁ አንጀት ይገባል። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ሕፃናት ላይ ጉብታ የሚሆን በሽታ አይገኝም። ይልቁንም በዚያ አካባቢ የአንጀት ግድግዳ ውስጥ በብዛት ያሉት ንፍፊቶች በቫይረስ ምክንያት አብጠው እንደ ጉብታ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። በተለይ አዴኖቫይረስ የተባለው፣ ጉንፋንና ተቅማጥ የሚያመጣው ቫይረስ፣ ከሕመሙ ጋር ተደጋግሞ ተያይዟል። ለዚህም ነው ብዙ ወላጆች «ከሳምንት በፊት ጉንፋን ይዞት ነበር» የሚሉት።

ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከአምስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ዕድሜ ነው። ከሦስት ወር በታች ብርቅ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እየቀነሰ ይሄዳል። ወንዶች ከሴቶች በርከት ይላሉ። በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ፣ አንድ ዓመት ካልሞላቸው 100,000 ሕፃናት በዓመት በአማካይ 74 ያህሉን እንደሚይዝ አሳይቷል፤ ቁጥሩ ግን ከአገር አገር በእጅጉ ይለያያል። የሚይዛቸው በአብዛኛው ጤናማ፣ በደንብ የሚያድጉ ሕፃናት መሆናቸው ወላጅንም ባለሙያንም ያዘናጋል።

ሦስቱን ምልክቶች መጠበቅ

በሕክምና ትምህርት ቤት ኢንተሰሰፕሽን በሦስት ምልክቶች ይታወሳል፦ እየመጣ የሚሄድ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከት፣ ጠቆር ያለ ቀይ ማርማላታ የመሰለ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ዓይነ ምድር። ለፈተና የሚመች ሦስትነት ነው። ሦስቱም በአንድ ላይ የሚታዩት ግን በጥቂቱ ሕፃናት ላይ ብቻ ነው፤ ጥናቶች ቁጥሩን ከግማሽ በታች፣ አንዳንዶቹም በጣም ዝቅ አድርገው ያስቀምጡታል። ምክንያቱ ቅድም ያየነው ነው። ደምና ንፍጥ የሚወጣው አንጀቱ አብጦ፣ ደም መላሾቹ ታግደው፣ ሽፋኑ መጎዳት ሲጀምር ነው። ማርማላታ የመሰለውን ነገር ዳይፐር ላይ የሚጠብቅ ሰው የአንጀቱን መጎዳት እየጠበቀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ቁርጠቱ ነው፤ ልዩ የሚያደርገውም አመላለሱ ነው። ጆሮውን የሚያመው ሕፃን ያለማቋረጥ ይነጫነጫል፤ ጥርስ የሚያበቅልም እንዲሁ። ኢንተሰሰፕሽን ያለበት ግን ሰዓት የተሞላ ይመስል በየሩብ ሰዓቱ ይጮኻል፣ በመሐሉ ይረጋጋል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በመረጋጊያው ደቂቃ ላይ ከሆነ ሆዱ ልስልስ፣ ልጁም ፈገግተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወላጆችን የምመክረው ቀላል ነገር አለ፤ ጩኸቱ ሲመጣ በስልክ ቅረጹት፤ በየስንት ደቂቃው እንደሚመለስም ሰዓት ይዛችሁ ጻፉ። ዳይፐሩ ላይ ያያችሁት ነገር ካለ አትጣሉት፣ ወይም ፎቶ አንሡት። ብዙ የምርመራ ጥያቄዎች በዚያ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይመለሳሉ።

ትውከቱ መጀመሪያ ወተት ወይም የበላው ምግብ ነው። አንጀቱ እየተዘጋ ሲሄድ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሐሞት ማለት ነው። አረንጓዴ የሚያስመልስ ሕፃን፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ልጅ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን አራተኛው፣ ስሙ ብዙም የማይነሣው ምልክት ነው፦ መፍዘዝ። አንዳንድ ሕፃን ሳይጮኽ፣ ሳያስመልስ፣ ፈዝዞና ደንዝዞ ብቻ ይመጣል። ሐኪሙ ማጅራት ገትር፣ የደም መመረዝ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ሊጠረጥር ይችላል፤ መጠርጠሩም ትክክል ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ የፈዘዘ ሕፃን ሆዱ ሳይመረመር፣ አልትራሳውንድ ሳይታሰብለት መቅረት የለበትም።

ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት ደም ያለበትን ዓይነ ምድር በጀርም ከሚመጣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጋር ማምታታት ነው። ሕፃኑ ፀረ ባክቴሪያ ሽሮፕ ተሰጥቶት ወደ ቤት ይመለሳል፣ አንድ ወይም ሁለት ቀንም ይጠፋል። ሁለቱን ለመለየት ታሪኩን መስማት ይረዳል። በተቅማጡ ብዙውን ጊዜ ትኩሳትና ቶሎ ቶሎ መቀመጥ ይቀድማል። በኢንተሰሰፕሽን ቁርጠቱና ትውከቱ ቀድመው፣ ደሙ ይከተላል፤ የሚወጣውም ነገር ጥቂት ነው። መስመሩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም፤ ተቅማጥ ያለባቸው የኢንተሰሰፕሽን ሕሙማንም አሉ። በተጠራጠሩ ጊዜ የሚፈርደው ምስል ነው።

ምስሉ ምን ይናገራል?

ሐኪም ሆዱን በእጁ ሲዳስስ በቀኝ በኩል፣ ከጉበት ሥር፣ ቋሊማ የሚመስል ሞላላ እብጠት ሊያገኝ ይችላል። ካገኘ ጥሩ፤ ካላገኘ ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። የሚያለቅስ ሕፃን ሆድ በቀላሉ አይዳሰስም።

ተራ ራጅ አንጀቱ ተበስቶ አየር ወደ ሆድ ዕቃ መውጣት አለመውጣቱን ለማየት ይጠቅማል። ኢንተሰሰፕሽንን ለማስቀረት ግን አይበቃም፤ ከግማሽ የማይበልጠውን ብቻ ነው የሚይዘው። «ራጁ ደኅና ነው» ተብሎ ልጁ ወደ ቤት የሚላክበት ጊዜ ካለ፣ ያ ውሳኔ በደካማ ማስረጃ ላይ የቆመ ነው።

ዋናው መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው። በሠለጠነ እጅ ሕመሙን የመያዝም የማስቀረትም ብቃቱ ከመቶ 98 አካባቢ ይደርሳል። ጨረር የለውም፣ ማደንዘዣ አይፈልግም፣ የልጁ አልጋ ድረስ ይመጣል። አንጀቱ በአግድም ሲታይ የቀለበት ክምር ይመስላል፤ ውጭኛው ቀለበት ዋጩ፣ ውስጠኛው የተዋጠው ነው፤ በመሐላቸው የተጎተተው መጋረጃ ስብና ንፍፊት ነጣ ብሎ ይታያል። በቁመቱ ሲታይ ደግሞ ኩላሊት ይመስላል። የደም ፍሰት የሚያሳየው ዶፕለር ሲጨመርበት የተዋጠው ክፍል አሁንም ደም ያገኝ እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ መለየት የሚገባው ነገር አለ። ትንሹ አንጀት በራሱ በትንሹ አንጀት ውስጥ ለአጭር ጊዜ ገብቶ የሚወጣበት ሁኔታ አለ፤ ተቅማጥ በያዘው ልጅ ሆድ ላይ በአጋጣሚ ይታያል። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፣ በሆድ መሐል ይገኛል፣ እያዩትም ይጠፋል። ሕክምና አይፈልግም። ትልቁ አንጀት ውስጥ የገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ በቀኝ በኩል ይቀመጣል፣ በራሱ ይወጣል ተብሎም አይጠበቅም። ሁለቱን ያልለየ ሪፖርት አንዱን ልጅ ያለ ምክንያት ያስጨንቃል፤ ሌላውን በሐሰት ያረጋጋል።

ተስፋ የሚሰጠኝ ነገር፣ ይህ ምስል ለመማር የማይከብድ መሆኑ ነው። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች በአጭር ሥልጠና አልትራሳውንዱን ራሳቸው ይዘው ኢንተሰሰፕሽንን በጥሩ ትክክለኛነት መለየት እንደሚችሉ በተደጋጋሚ ታይቷል። የራዲዮሎጂ ባለሙያ በሌሊት በማይገኝበት ቦታ ይህ ብዙ ሰዓታትን የሚያተርፍ ለውጥ ነው።

በውሃና በአየር መፍታት

ሕክምናው የሚጀምረው ከአንጀቱ ሳይሆን ከልጁ ነው። የተኛው ሕፃን ሲያስመልስ ቆይቷል፣ አንጀቱም ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ደርቋል። በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ የሚያስመልስ ከሆነ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ ቱቦ ይገባለታል፣ የሕመም ማስታገሻ ይታዘዝለታል፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪምም ከመጀመሪያው ይጠራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ችላ ሊባል አይገባም። ግፊቱ አንጀቱን ቢበሳው ቀዶ ሕክምናው ወዲያው መጀመር አለበትና።

ከዚያ ግፊቱ ይመጣል። ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ በደንብ ይታሸጋል፤ አየር ወይም ለብ ያለ የጨው ውሃ ወደ ትልቁ አንጀት ይሞላል። ግፊቱ የተዋጠውን ክፍል በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በአየር ሲሠራ ግፊቱ በመለኪያ እየታየ ከ120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዳያልፍ ይደረጋል፤ ሂደቱም በራጅ ስክሪን ላይ ይታያል። በጨው ውሃ ሲሠራ ከረጢቱ ከልጁ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ባለሙያው በአልትራሳውንድ ይከታተላል። አንጀቱ መፈታቱ የሚታወቀው አየሩ ወይም ውሃው ያለ ገደብ ወደ ትንሹ አንጀት ሲፈስ ነው። ብዙ ልጆች በዚያው ቅጽበት ያንቀላፋሉ፤ ለሰዓታት ያላገኙት እንቅልፍ ነው።

ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ያህሉ በዚህ መንገድ ይፈታሉ። አንጀት የመበሳት አደጋው ከመቶ ከአንድ በታች ነው። ከተበሳና አየሩ ሆዱን ወጥሮ ትንፋሽ ካሳጠረ፣ ሆዱን በወፍራም መርፌ ወግቶ አየሩን ማስወጣት ሕይወት ያድናል፤ መርፌው ፍለጋ የሚሮጡበት ሳይሆን አስቀድሞ በክፍሉ ውስጥ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ሆዱ እንደ ሰሌዳ የደረቀ፣ በራጁ ላይ ከአንጀት ውጭ አየር የታየበት፣ ወይም ፈሳሽ ተሰጥቶት እንኳ የደም ዝውውሩ ያልተስተካከለ ልጅ ግፊት አይሞከርበትም፤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል።

አየር ይሻላል ወይስ ውሃ? ማስረጃዎች ሲጠቃለሉ አየር በመጠኑ የተሻለ የመፍታት ዕድል እንዳለው ያመለክታሉ። እንዲያም ሆኖ ለእኔ ወሳኙ ጥያቄ በየሆስፒታሉ የትኛው በእጅ ላይ አለ የሚለው ነው። ከረጢት፣ ቱቦ፣ የጨው ውሃና አልትራሳውንድ ያለው ሆስፒታል፣ ጨረር የሚፈልገው ውድ መሣሪያ ስለሌለው ብቻ እያንዳንዱን ሕፃን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚልክበት ምክንያት የለም። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ዕቃው ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ አብሮ ቆሞ ያሳየ ሰው ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ ከተገፋና ልጁ ከተረጋጋ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ እንደገና መሞከር ይቻላል። ዕረፍቱ እብጠቱን ያቃልላል፤ ብዙዎችም በሁለተኛው ይፈታሉ። ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ግን መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው።

ይህ ዘዴ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ሕመሙን የአምስተርዳሙ ሐኪም ፖል ባርቤት እ.ኤ.አ. በ1674 ገልጾት ነበር። እንግሊዛዊው ጆናታን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1871 የሁለት ዓመት ልጅ ቀዶ ለማዳን ቻለ። በኮፐንሃገን ደግሞ ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ በውሃ ግፊት ማከም ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የ107 ሕፃናትን ታሪክ ሲያቀርብ ከመቶ 35ቱ ሞተው ነበር። ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ ሌላው ሐኪም ዘንድ ከዚያ እጅግ የበዙት ይሞቱ ነበርና። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ዘገባ ከ6,000 በላይ ሕሙማን በአየር ግፊት እንደታከሙ አሳወቀ። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም ከመቶ ሕፃናት አንድ እንኳ አይሞትም። በአፍሪካ ግን ሆስፒታል ከደረሱት መካከል ወደ ዘጠኝ በመቶ የሚጠጉት ሕይወታቸው እንደሚያልፍ ቅድም የጠቀስኩት ግምገማ አሳይቷል። ሕመሙ አንድ ነው፤ አንጀቱም አንድ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ሕፃኑ ሐኪም ዘንድ የሚደርስበት ሰዓትና እዚያ የሚጠብቀው አገልግሎት ነው።

ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው ልጅ ሆዱ ተከፍቶ ወይም በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ፣ የተዋጠው አንጀት ከጫፉ ቀስ ተብሎ ወደ ኋላ ይገፋል። የጥርስ ሳሙና ከቱቦው ሥር እንደሚጨመቀው ነው፤ ከላይ በኩል መጎተት ያበጠውን አንጀት ሊቀድድ ይችላል። የሞተ ክፍል ካለ ተቆርጦ ጤናማዎቹ ጫፎች ይያያዛሉ።

ከተፈታ በኋላ ከአሥር ልጆች አንዱ ላይ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት። ወላጆች ይህን ሳይነገራቸው ከሆስፒታል መውጣት የለባቸውም። ከተመለሰ እንደገና በግፊት ሊፈታ ይችላል። ደጋግሞ ከተመለሰ፣ ወይም ልጁ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነ፣ ጉብታ የሆነ ነገር መፈለግ ያስፈልጋል፦ ከፅንስ ዘመን የቀረ የሜክል ከረጢት፣ ፖሊፕ፣ የሊምፍ ካንሰር፣ ወይም ሄኖክ ሾንላይን ፐርፑራ በሚባለው የደም ሥር ሕመም ምክንያት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ የረጋ ደም።

የክትባቱ ጥያቄ

ስለ ኢንተሰሰፕሽን ሲነሣ ሕፃናትን ብርቱ ተቅማጥ የሚያስይዘው የሮታቫይረስ ክትባት መነሣቱ አይቀርም፤ በግልጽ መነጋገሩም ይሻላል። ሮታሺልድ የተባለው የመጀመሪያው ክትባት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈቅዶ በ1999 ከገበያ ወጣ፤ ከተከተቡ 10,000 ሕፃናት በአንዱ ያህል ላይ ኢንተሰሰፕሽን እንደሚጨምር ስለታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሮታሪክስና ሮታቴክ እያንዳንዳቸው ከ60,000 በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ተፈትነው ነው የተፈቀዱት። በሰፊው ከተሰጡ በኋላ በአንዳንድ አገሮች ከ100,000 ከአንድ እስከ ስድስት የሚደርስ ተጨማሪ ሕመም ታይቷል፤ በተለይ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ባለው ሳምንት። በሰባት የአፍሪካ አገሮች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ከሮታሪክስ በኋላ የጨመረ አደጋ አላገኘም።

በሚዛኑ ሌላ ጫፍ ያለው ተቅማጡ ነው። ክትባቶቹ ከመስፋፋታቸው በፊት ሮታቫይረስ በየዓመቱ ከ400,000 በላይ ሕፃናትን ይገድል ነበር። ክትባቱ ከሚያስከትለው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት፤ ከዚህ በፊት ኢንተሰሰፕሽን የያዘው ሕፃን ይህን ክትባት አይወስድም፤ ከተከተበ በኋላ ባለው ሳምንት እየመጣ የሚሄድ ጩኸት የጀመረ ሕፃን ደግሞ «የክትባቱ ነው፣ ያልፋል» ሳይባል መታየት አለበት።

በአዋቂ ላይ ጥያቄው ይገለበጣል

ከሁሉም የኢንተሰሰፕሽን ሕሙማን አዋቂዎች ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ያንሳል፤ አስተሳሰቡ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በሕፃኑ ላይ ሕመሙ ራሱ መዋጡ ነው፤ ከተፈታ አለቀ። በአዋቂው ላይ መዋጡ ብዙውን ጊዜ የሌላ ነገር ምልክት ነው፤ አንጀቱን ይዞ የሄደው ጉብታ ምንድን ነው የሚለው ይቀድማል።

አመጣጡም አያስታውቅም። እንደ ሕፃኑ በየሩብ ሰዓቱ አይጮኽም። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚመላለስ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት፣ አልፎ አልፎ ደም። ሰውየው የጨጓራ ወይም የአሜባ መድኃኒት ደጋግሞ ሊወስድ ይችላል። በምርመራ የሚደረስበት አብዛኛውን ጊዜ በሲቲ ስካን ነው፤ የቀለበቱን ምስል ብቻ ሳይሆን ጉብታውን፣ የአንጀቱን መዘጋትና የደም አቅርቦቱን አንድ ላይ ያሳያል።

ቦታው ብዙ ይናገራል። በትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ምክንያቱ ካንሰር ነው። በትንሹ አንጀት ላይ ግን አብዛኛው ካንሰር ያልሆነ ነው፦ የስብ ዕጢ፣ ፖሊፕ፣ ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና የቀረ መጣበቅ፣ የሜክል ከረጢት። ካንሰር ሲሆንም ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ነው፤ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በዚህ ይታወቃል።

ስለዚህ በአዋቂ ላይ የግፊት ሕክምና አይሞከርም። መዋጡን ቢፈታውም ዕጢውን እዚያው ይተወዋል፣ ምርመራውንም ያዘገያል። በትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን ሐኪሞች መፍታት ሳይሞክሩ ክፍሉን ከነንፍፊቶቹ ቆርጠው ያወጣሉ፤ ካንሰር ሊሆን የሚችልን ነገር በእጅ መጨማመቅ ሴሎቹን ሊበትን ወይም የደከመውን ግድግዳ ሊቀድድ ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። በትንሹ አንጀት ላይ ግን ምክንያቱ ካንሰር እንዳልሆነ ከታመነና አንጀቱ በሕይወት ካለ፣ መጀመሪያ ፈትቶ ጥቂቱን ብቻ መቁረጥ ይመረጣል። ደጋግሞ ፖሊፕ በሚያበቅል ሰው ላይ፣ ለምሳሌ ፖይትዝ ጄገርስ በሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም፣ የሚተርፈው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ዋጋ አለው።

ለረጅም ዘመን «አዋቂ ላይ ከታየ ይቀደድ» የሚል ሕግ ነበር። ሕጉ የተገነባው ሲቲ ስካን ከመስፋፋቱ በፊት በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ በተገኙ ሕሙማን ታሪክ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የደረሱት ደግሞ ዕጢ ያለባቸውና የተዘጉ ነበሩ። ዛሬ በኩላሊት ጠጠር ወይም በአደጋ ምክንያት ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው ሆድ ላይ አጭር፣ ጉብታ የሌለው፣ ምንም ያልዘጋ የትንሹ አንጀት መዋጥ በአጋጣሚ ይገኛል። ርዝመቱ ከ3.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰና ሰውየው ደኅና ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚበቃው መከታተል ነው። ሴልያክ የሚባለው፣ ስንዴና ገብስ አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም ያለባቸው ሰዎችም እንዲህ ዓይነት የሚመላለስ መዋጥ ይታይባቸዋል። ለእነሱ መፍትሔው ከስንዴና ከገብስ መራቅ እንጂ ቢላዋ አይደለም።

ከዚህ የሚለዩ አንድ ቡድን አሉ፤ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ማለፊያ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች። ከዓመታት በኋላ እንኳ፣ ጉብታ ሳይኖር፣ አንጀታቸው በተያያዘበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ሊዋጥ ይችላል። ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ሕመም ሲይዛቸው የቀድሞ ቀዶ ሕክምናቸውን ለሐኪሙ መናገር አለባቸው። ከቻሉም ምርመራው ሕመሙ እያለ ይሠራላቸው፤ የገባው አንጀት ተመልሶ ከወጣ በኋላ የሚነሣ ምስል ምንም ላያሳይ ይችላል።